ሪቻርድ ፓንክረስት 100 ዓመት ሲሞላቸው፦ ዝርዝሩን ማን ይረከባል?

ኅዳር 21 አክሱም ላይ ጽዮን ማርያም ናት። ምዕመኑ ነጭ ለብሶ ከየአቅጣጫው ይተማል። ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም ያድራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትንሽ ራመድ ሲሉ ደግሞ ሐውልቶቹ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ 68 ዓመት ገደማ ሮም ከተማ ቆይቶ የተመለሰ ነው። ዛሬ ሥሩ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል። ለሱ ሐውልቱ ድሮም እዚያው ነው።

ከጽዮን ሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 23፣ ሐውልቱ እንዲመለስ ብዙ የደከሙ ሰው ልደት ነው። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የተወለዱት ኅዳር 23 ቀን 1920 ዓ.ም. በለንደን ዳርቻ፣ ዉድፎርድ በምትባል ሰፈር ነው። ያረፉት የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ኅዳር 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ከተወለዱ 100 ዓመት ይሞላል። ቀኑ ዓርብ ነው።

መቶኛ ዓመት ሲደርስ እኛ አገር ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቡና ይጠጣል። ይሄ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ብጠራ እኔም እሄዳለሁ። ግን የኚህ ሰው መታሰቢያ ከዚያ በላይ ይፈልጋል ባይ ነኝ። ጀምረውት የሄዱት ሥራ አላለቀም። ግማሹ ለንደን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሌላው ግማሽ ደግሞ የኛው ቤት ሥራ ነው።

አክቲቪስት የሚለው ቃል ዛሬ እኛ ዘንድ ስሙ ተበላሽቷል። ቃሉን ስንሰማ ፌስቡክ ላይ ካሜራ ፊት ተቀምጦ የሚጮህ ሰው ነው የሚታየን። ታሪክም አብሮ ተጎድቷል። አንዱ የአያቱን ገድል ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የአያቱን በደል ይዞ ይመጣል። ማስረጃ የሚጠይቅ እንደ ጠላት ይታያል። ስለዚህ ፓንክረስትን አክቲቪስት የታሪክ ሰው ብዬ ስጠራ አንዳንድ አንባቢ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ቃሉን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። እሳቸው ሁለቱንም ነበሩ። ወገን ይዘው ይሟገቱ ነበር። የሚሟገቱበት ነገር ግን ጠላትም ወዳጅም ሊያጣራው የሚችል ወረቀት ነበር። ስንት ዕቃ ተወሰደ? ማን ወሰደው? በስንት ብር ተሸጠ? ዛሬ የት ቤት፣ በየትኛው ቁጥር ተመዝግቦ ተቀምጧል? እነዚህን መልሰው ነው አምጡ የሚሉት።

ይህን ጠባይ በከፊል ከእናታቸው ነው ያገኙት። ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ የሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ደጋግመው የታሰሩ፣ እስር ቤት ምግብ አልበላም ብለው የተሰቃዩ ሴት ናቸው። አባታቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ደግሞ ከአገሩ የተሰደደ ጣሊያናዊ ነበር፤ አናርኪስት፣ የኅትመት ሙያ የሚያውቅ። ሲልቪያ በመርሕ ደረጃ ጋብቻ አልፈልግም ብለው ያለ ጋብቻ ወለዱ። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ቅሌት ነበር። የሲልቪያ እናት ኤሜሊን፣ የዚያው የሴቶች ትግል መሪ፣ ከልጃቸው ጋር ሳይታረቁ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ሞቱ። እንግዲህ ሪቻርድ ገና ሲወለዱ ጀምሮ ነው ክርክር ውስጥ የገቡት።

አባታቸው ጣሊያናዊ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በኋላ ፓንክረስት ከሮም ጋር ሲሟገቱ ፀባቸው ከጣሊያን ሕዝብ ጋር አልነበረም። ቤታቸው ውስጥ የፋሺዝም የመጀመሪያው ጠላት ጣሊያናዊ ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሲልቪያ ያቋቋሙት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮፒያ ኒውስ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙ የዚያኑ ቀን ቀን ይዟል። አገሪቱ ወደቀች በተባለበት ዕለት ማለት ነው። ሌሎቹ ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጉዳይ እየተዉ ወደ ሌላ ዜና ሲዞሩ፣ ያቺ ጋዜጣ 20 ዓመት ያህል ቀጠለች። ሪቻርድ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሌላው ልጅ በሚጫወትበት ዕድሜ ቤታቸው የጋዜጣ ቢሮ ነበር። የመርዝ ጋዝ፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፣ የስደተኞች ደብዳቤ፣ ሁሉም በዚያ ቤት ያልፋል። ዉድፎርድ ውስጥ ሲልቪያ ያስተከሉት በቦምብ ቅርጽ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። በአውሮፕላን ሰላማዊ ሰው መደብደብን የሚቃወም ሐውልት ነው። አሁንም ቆሟል። ለንደን የምትኖሩ ወገኖች አንድ እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ከነጻነት በኋላም ሲልቪያ አልተዉንም። በነርስነት ለንደን ውስጥ ሠልጥና በኋላ በወሊድ ለሞተችው ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጓዛቸውን ጠቅልለው ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። «ኢትዮፒያ ኦብዘርቨር» የሚባል መጽሔት ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ አረፉ። መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ነው።

ሪቻርድ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የምጣኔ ሀብት ታሪክ የተማሩ ሰው ነበሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። በዓመቱ ሪታን አገቡ። ሪታ በኋላ የዩኒቨርሲቲውን የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የመሩት ናቸው። እነዚህን ጥንዶች ነጥሎ ማየት አይቻልም። እሱ መጽሐፉን ይጽፋል፣ እሷ መጽሐፉ የሚቀመጥበትን ቤት ታደራጃለች። ልጆቻቸው ሔለንና አሉላ ናቸው። አሉላ የሚለው ስም ከማን እንደመጣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አይነገርም።

እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፓንክረስት ሆኑ። ተቋሙ ያለው ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር መኳንንቱ የተረሸኑበት፣ ንጉሡ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ቤት። ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል ያላየ የአዲስ አበባ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምሄደው ለንባብ ክፍሉ ነው። እዚያ ተቀምጦ ያነበበ ሰው ጸጥታውን አይረሳውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የፓንክረስትን መጽሐፍ ያነበብኩት በፎቶ ኮፒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1935 ያለው የኢትዮጵያ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ነበር። ወፍራም ነው። ጥቂት ገጾች ጎድለውበታል። ጦርነትና ንጉሥ ጠብቄ ገባሁ። ያገኘሁት ገበያ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር ጨው ሜዳ እየራቀ ሲሄድ እንዴት ዋጋው እንደሚጨምር። አንድ ማርትሬዛ ብር እዚህ ስንት አሞሌ፣ እዚያ ስንት አሞሌ እንደሚገዛ። የበሬ ዋጋ፣ የማር ዋጋ፣ የቀረጥ ኬላ። የባሪያ ንግድም አለበት፤ ያንን አልሸፋፈኑትም። ስለ ክንድ፣ ስለ ስንዝር፣ ስለ ቁና፣ ስለ ጋሻ መሬት ብቻውን የጻፉት ጥናት አለ። የአገሬ ታሪክ የአያቴን የጤፍ ቁና እንደሚያካትት ያኔ ነው የገባኝ።

ክፉ ቀንን ያጠኑበት መንገድም እንደዚሁ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረውን ረሃብ አያቶቻችን በተረትና በለቅሶ ነው ያቆዩልን። ፓንክረስት የሚስዮናውያንን፣ የመንገደኞችን፣ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎችን ወረቀት ሰብስበው በሽታው እንዴት እንደመጣ ተከታተሉ። በምጽዋ በኩል ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ የሚባለው ወረርሽኝ መጣ። ከብቱ አለቀ። በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ። ማረስ ሲቀር ሰው አለቀ። ይህን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጽፉ በኢትዮጵያ ረሃብ የሚለው ቃል ለቤተ መንግሥት ደስ የሚል አልነበረም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የወሎ ረሃብ መጣ።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሄደ። አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው ተመለሱ። የሁለተኛው ዘመናቸው ዋና ሥራ ቅርስ ማስመለስ ሆነ። ሰው በጡረታ በሚያርፍበት ዕድሜ ማለት ነው።

የአክሱምና የመቅደላ ጉዳይ በሕግ ዓይን አይመሳሰሉም። ብዙ ጊዜ ቀላቅለን ነው የምናወራው።

የአክሱሙ ሐውልት በውል የተደገፈ ነበር። ፋሺስቶቹ ከጥንት ወድቆ ተሰባብሮ የነበረውን ወስደው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1937 ሮም ላይ፣ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሕንጻ ፊት ለፊት አቆሙት። ቀኑ ሙሶሊኒ ወደ ሮም የዘመተበት 15ኛ ዓመት ነው። ያ ሕንጻ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣሊያን ግዴታ ገባች። ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃና የታሪክ ሰነድ በ18 ወር ውስጥ ትመልሳለች። ይሄ በፊርማ ያለ ነው። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ።

በ1980ዎቹ ማብቂያ የኛ አቆጣጠር ፓንክረስትና ጓደኞቻቸው ዘመቻውን ሲያቀጣጥሉት ዋናው ጭብጣቸው ያ አንቀጽ ነበር። ልመና አልነበረም። ፈርመሃል፣ ፈጽም ነው። ፊርማ ተሰበሰበ፣ ጽሑፍ ተጻፈ፣ ጣሊያን ውስጥም የሚደግፉ ተነሡ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1997 እመልሳለሁ አለች። ከዚያ የኤርትራ ጦርነት መጣ። ከዚያ ከባድ ነው፣ አውሮፕላን አይችለውም ተባለ። በ1994 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መብረቅ መታው። በመጨረሻ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ ግዙፍ አውሮፕላን ተጭኖ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. አክሱም አረፈ። 24 ሜትር ርዝመት፣ ከ150 ቶን በላይ ክብደት። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሊኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ቆሞ ተመረቀ። አይቻልም የተባለው ሁሉ ተቻለ።

የመቅደላው ግን ውል የለውም። እዚህ ነው የፓንክረስት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሚታየው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። እንግሊዞች አምባው ላይ ወጡ። ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየቦታው የሰበሰቡት ብራና፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ታቦት ነበረ። ተዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። 5,000 ፓውንድ ወጣው። ተከፋፍሎ ለአንድ ወታደር አራት ማርትሬዛ ብር ገደማ ደረሰው። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ዋናው ገዢ ነበር። ወደ 350 ብራና ገዛ። እነዚህ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ስድስት በጣም የተዋቡ ብራናዎች ደግሞ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ገቡ። የወርቅ ዘውዱና ጽዋው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያሉት።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከማን ነው? ከዘራፊዎቹ ከራሳቸው ነው። ፓንክረስት የመኮንኖችን ማስታወሻ፣ የጋዜጠኞችን ዘገባ፣ የሙዚየሞችን መዝገብ፣ የእንግሊዝ ፓርላማን ቃለ ጉባኤ እያገላበጡ አንድ በአንድ አወጡት። ከነዚያ ውስጥ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ንግግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1871 ፓርላማ ውስጥ ቆመው ዕቃዎቹ ከሐበሻ በመምጣታቸው በጣም እንደሚያዝኑ ተናግረዋል። ፓንክረስት ይህን ንግግር ደጋግመው ያነሡ ነበር። ዘረፋው ስሕተት ነው ያልነው እኛ ብቻ አይደለንም፣ ገና በሦስት ዓመቱ የራሳችሁ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለዋል ማለት ነው። ያ ዘመን እንደዚህ ነበር የሚለውን ሰበብ በዚህ ዘጉት።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የኩርዓተ ርእሱ ነገር ነው።

ኩርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ የተሣለበት ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ ነበር። መኳንንት በፊቱ ይምሉ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ሱዳን ውስጥ ሰናር ላይ ጦሩ ሲሸነፍ ሥዕሉ ተማርኮ፣ በኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። አገር የሚወጅለት ሥዕል ነው። ቴዎድሮስ ጋ ነበር። ከመቅደላ በኋላ ጠፋ። አጼ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ሁለት ነገር ነው የጠየቁት፦ ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ። ከክብረ ነገሥቱ ሁለት ቅጂ ስለነበር አንዱ ተመለሰላቸው። ሥዕሉ ግን ፈልገን አጣነው ተባለ።

ሥዕሉ ያለው ሆልምስ ቤት ነበር። ለራሱ አስቀርቶታል። ሆልምስ ያን ጊዜ የዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። ደብዳቤው የተላከላት ንግሥት የራሷ ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የሥዕሉ ፎቶ አንድ የጥበብ መጽሔት ላይ ወጣ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ጨረታ ላይ ተሸጠ። ቆይቶ ሌላ ጨረታ፣ ከዚያ ፖርቹጋል። ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1979 የሥዕሉን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። በኋላም ፍለጋውን አልተዉትም። አንድ ሥዕል ከቤት ወደ ቤት፣ ከሽያጭ ደረሰኝ ወደ ሽያጭ ደረሰኝ ለዓመታት መከታተል። የዛሬ አክቲቪስት ነኝ ባይ ወጣት ከዚህ ሰው መማር ያለበት ይሄን ነው። ልፋቱ ያስቀናኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የመቅደላ ቅርሶች አስመላሽ ማኅበር፣ አፍሮሜት፣ ተቋቋመ። ፓንክረስት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ሆነ። ኤደንብራ ውስጥ የሚገኝ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁምሳጥን ውስጥ አንድ ጽላት ተገኘ። ያወቀው ቄስ ቀድሞ ኢትዮጵያ ኖሮ ስለነበር ነው። ባይኖር ኖሮ ቁራጭ እንጨት ነበር። በ1994 ዓ.ም. ጽላቱ ሲመለስ አዲስ አበባ እንዴት እንደተቀበለችው ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ብሪቲሽ ሙዚየም ግን 11 ጽላት ይዟል። ለጎብኚ አያሳያቸውም። ፎቶ አይነሣም። ለጥናት አይሰጣቸውም። የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ካህን ካልሆነ በቀር። ይህን የሚያደርገው እምነታችንን አክብሮ ነው ይላል። እኔ ይሄ ሊገባኝ አልቻለም። የማይታይ፣ የማይጠና፣ የማይነካ ነገር ለሙዚየም ምን ያደርግለታል? ሙዚየሙ የሚመልሰው እ.ኤ.አ. የ1963 የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ አይፈቅድልኝም ብሎ ነው። ሕጉ ከክምችቱ ማውጣትን በጣም ያጠባል። ቢሆንም ቀዳዳ አለው፤ ለክምችቱ የማይገባ ዕቃ ሊወጣ ይችላል ይላል። የሕግ ባለሙያዎች ጽላቱ በዚህ ሊሸኝ ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ዌስትሚንስተር አቤይ እ.ኤ.አ. በ2024 እሱ ጋ ያለውን ጽላት ለመመለስ በመርሕ ደረጃ መስማማቱን ተናግሯል። ስለዚህ በሩ ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም።

ፓንክረስት ካረፉ ወዲህም የተመለሰ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር ከለንደን የብሔራዊ ጦር ሙዚየም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ፋውንዴሽን የመቅደላ ዕቃዎችን ገዝቶ ለለንደኑ ኤምባሲያችን አስረከበ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ አስረክባለች። ስሟ ከልዕልቲቱ ነው፤ ሲልቪያ ሆስፒታል ካሠሩላት ልጅ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውካስል ውስጥ ጨረታ ሊወጣ የነበረ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጭ ወጥቶ ለአገሩ ተሰጠ።

ያልተመለሰው ግን ያማል። ልዑል ዓለማየሁ የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ተወሰደ። በ18 ዓመቱ ሊድስ ሞተ። ዊንዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 አጽሙን ስጡን ሲባል የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳንነካ ማውጣት አንችልም አለ። ልጁ የዕቃ ቁጥር የለውም። ጥያቄው ግን ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ አሁን እምቢ ያለ ወደፊት እሺ ሊል ይችላል። ለሐውልቱም እንዲሁ ነበር።

ሰውየውን አወድሼ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። የሚሰነዘርባቸው ትችት አለ፤ ከፊሉ ትክክል ነው። ብዙ የተመረኮዙት በአውሮፓ መንገደኞች ጽሑፍ ላይ ነው። መንገደኛ የሚያየው መንገዱን ነው፤ የገበሬውን ልብ አያይም። የታሪክ ምሁራኑ ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ፣ ባሕሩ ዘውዴ በሌላ ዓይነት ጥልቀት የሄዱበት ቦታ አለ፤ በግዕዙ፣ በገድላቱ፣ በቤተ መዛግብቱ። ፓንክረስት ይሰበስባሉ፣ ይዘረዝራሉ፤ ትንታኔው ላይ ቁጥብ ናቸው። ሌላም አለ። ድምፃቸው ለንደን ውስጥ የተሰማው እንግሊዛዊ ስለሆኑና ፓንክረስት የሚለው ስም እዚያ ትልቅ ስለሆነ ነው። እውነት ነው። ያንኑ የሚለው ኢትዮጵያዊ ቄስ ለዘመናት አልተሰማም። ይሄ የሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ስማቸውን ለኛ አዋሉት። ግን አሁን ያ ስም የለም። ቀጣዩን ደብዳቤ የሚጽፈው ኢትዮጵያዊ ነው የሚሆነው። ጣሊያኖችም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። አንጀሎ ዴል ቦካ የአገሩን የመርዝ ጋዝ ወንጀል ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር አዎ ተጠቅመናል ብሎ አመነ። እሱም 100 ዓመቱ በ2025 እ.ኤ.አ. አልፏል። እኛ ዘንድ ስንቶቻችን አስታወስነው?

ወደ ቤታችን ልመለስ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የአፍሮ አይገባ መስቀል ተሰረቀ። ቤልጂየም ውስጥ ተገኝቶ ተመለሰ። መመለስ የተቻለው ሁሉም የሚያውቀው መስቀል ስለሆነ ነው። ፎቶው አለ፣ ታሪኩ አለ። የገጠር ደብር ስሙ የማይታወቅ ተአምረ ማርያም ቢሰረቅ ግን በምን ይለያል? በትግራይ ጦርነት ጊዜ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈዋል፤ ብራና መጻሕፍት ኢንተርኔት ገበያ ላይ በርካሽ ዋጋ ሲሸጡ እንደታዩ ተዘግቧል። በአማራ ክልልም ጦርነት ውስጥ ያሉ ደብሮች አሉ። መቅደላ 150 ዓመት ያለፈው ነገር ብቻ አይመስለኝም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ፓንክረስት የሠሩት ዓይነት አሰልቺ ሥራ ነው። ደብር በደብር፣ ገዳም በገዳም፣ ብራናውን ፎቶ ማንሣት። ርዝመቱን፣ የቅጠሉን ብዛት፣ የባለቤቱን ጽሑፍ መመዝገብ። ካህናቱ ይስማሙ እንጂ አሁን ስልክ ሁሉ ካሜራ አለው። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች አሉ። የእግዚአብሔር ቤት ምሥጢር የሚወጣ የሚመስላቸው አባቶች ይኖራሉ፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ ብዙ ጊዜ ተታለዋል። እንግዲያው መዝገቡ በሀገረ ስብከቱ እጅ ይሁን። ዋናው መኖሩ ነው።

ሁለተኛው የምመኘው መጻሕፍታቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ በሰፊው እንዲነበቡ ነው። ሰውየው 60 ዓመት ስለኛ ጻፉ፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ክፉ ቀን የጻፉትን የወሎ ገበሬ ልጅ በቋንቋው ቢያነበው፣ የአያቱ እንጉርጉሮ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ስለ ከተሞች የጻፉትን የጎንደር፣ የሐረር፣ የአድዋ መምህር ክፍል ይዞት ቢገባ እንዴት ደስ ባለኝ።

ለዝግጅቱም አንድ ሐሳብ አለኝ። ዓርብ ኅዳር 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ ሰው ይሰብሰብ። ንግግሩ ይጠር። ከዚያ አንድ ተማሪ መድረክ ላይ ይውጣና ያልተመለሰውን ያንብብ። ከብሪቲሽ ላይብረሪ ይጀምር፤ ብራናዎቹን አንድ በአንድ፣ ከነመዝገብ ቁጥራቸው፣ 350ውን። የዊንዘሮቹን ስድስት። ዘውዱን። ጽዋውን። 11ዱን ጽላት። ኩርዓተ ርእሱን። መጨረሻ ላይ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ይበል። ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። ሲያልቅ ያ ወረቀት ተፈርሞ በፖስታ ይግባ፣ ቅጂው ተቋሙ ውስጥ እሳቸው ባደራጁት ቤት ይቀመጥ።